የፓምፑ ታርጋ

«ባለማደያው ያን የነዳጅ ፓምፕ ከተቃጠለው የሰው ማደያ ሰርቆ ነው የተከለው!» ይል ነበር ጎሚስታው፣ ጎማ በነፋ ቁጥር። የባለማደያው ልጅ ይህ ወሬ እንደ መዥገር ተጣብቆባት አደገች። አባቷ ግን ከቃጠሎው በኋላ ፓምፑን አዲስ፣ ከነሣጥኑ እንደገዛው ይምላል።

ልጅቷ ማንም ሳያስተምራት የአሮጌ ፓምፖችን ዕድሜ በራቸው ላይ ከተለጠፈው የብረት ታርጋ ማንበብ ቻለች። አንድ ቀን ጨከነችና የአባቷን ፓምፕ በር ቀለም ፋቀችው። ከሥሩ ብቅ ያለው ታርጋ ላይ የተመታው ዓመት ቃጠሎውን በአራት ዓመት ይቀድማል።

«አዲስ ነው የገዛሁት፣ ልጄ» አለ አባቷ፣ ፊቱ አመድ መስሎ።

«ሰው ይዋሻል እንጂ ብረት አይዋሽም፣ አባዬ!»

ከዚያ ወዲያ ደጁን አልረገጠችም። በስድስተኛው ወር ሞተ።

ከቀብር መልስ የማደያው ቀለም ቀቢ አጠገቧ ተቀመጠ። ስለ ታርጋው ስትነግረው አንገቱን ደፋ።

«አይ የኔ ልጅ! አባትሽ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ መኪና ገጭቶ የፓምፑን በር ጨረማመተው። ሲመለስ እንዳይደነግጥ ብዬ፣ ከተቃጠለው ማደያ ውጭ የተጣለ በር አንስቼ ገጠምኩና ቀባሁት። ለሱም አልነገርኩትም።»