የሐሙሱ አውሮፕላን

ሰኞ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ልምምድ ገና እንደጀመርን፣ የተጫዋቻችን የታውካቬ አክስት በአውሮፕላን ማኮብኮቢያው መሐል እየሮጠች መጣች። ወፍራም ሴት ናት፤ ስትሮጥ አይተናት አናውቅም።

«ልጁ አልገባም» አለችው አሰልጣኙን። «ሳይነጋ ነው ወደ ባሕር የወጣው። ለምሳ እደርሳለሁ ብሎኝ ነበር።»

አሰልጣኝ ፔሴጋ ኳሷን በእግሩ አቆማት። «ብቻውን ነው?»

«ታዲያ ማን አብሮት ይሂድ? ሁላችሁም እዚህ ተገትራችሁ!»

 ቅዳሜ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን።

ፔሴጋ በጭነት መርከብ ሞተር ክፍል አስራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቶ፣ ጉልበቱ ሲከዳው ወደ ዋናዋ ደሴታችን ወደ ፉናፉቲ የተመለሰ ሰው ነው። የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑ ለደሴቶች ውድድር ብሔራዊ ቡድን ሥራልን ሲለው «ከምን ልሥራው?» ብሎ ስቆ ነበር። ከዚያ መርከብ ተሳፍሮ ደሴት ለደሴት ዞረ፤ ከዚህ ሁለት፣ ከዚያ ሦስት እያለ ሃያ ሰው ለቀመ። እኔ ቫጉና እባላለሁ፤ ጀልባ ሠሪ ነኝ። ሠላሳ ሰባት ዓመቴ ነው፣ ለኳስ አርጅቻለሁ ስለው «በረኛ መቆም እንጂ መሮጥ ምን ያደርግለታል?» ብሎ አስገባኝ። አውሮፕላን በማያርፍበት ቀን ማኮብኮቢያው ሜዳችን ነው። ኳስ ባሕር ውስጥ ከገባች የሚዋኘው የመታት ሰው ነው፤ በዚህ ሕግ ብዙዎቻችን ኳስ መሬት ለመሬት ማንሸራሸር ለመድን።

ታውካቬን ያገኘው ናኑሜያ ደሴት ላይ ነው። አባቱ ኦላታጋ በሽማግሌዎቹ ፊት «ያለኝ አንድ ወንድ ልጅ ነው፤ ለኳስ አልሰጥም» አለ። ፔሴጋ በመሰብሰቢያው አዳራሽ ምንጣፍ ላይ ሁለት ቀን ተቀምጦ ለመነ። በሦስተኛው ቀን ሽማግሌዎቹ ታክቷቸው «በል ስጠውና ይሂድልን» አሉ። ልጁ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። ግራ እግሩ ኳስ ሲነካ ድምፁ ራሱ ይለያል። እኔ በረኛው ነኝ፣ አውቀዋለሁ።

ግን ያረፍዳል። ቅዳሜ ለሦስተኛ ጊዜ አርፍዶ፣ እጁ የዓሣ ቅርፊት እንደያዘ ሲመጣ ፔሴጋ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ ሁላችንም እየሰማን፣ «ዓሣ ከበለጠብህ ወደ ዓሣህ ሂድ። ሐሙስ የሚሄደው አስራ ዘጠኝ ሰው ነው» አለው። ታውካቬ ጫማውን አውልቆ ከሜዳው ወጣ። እሑድ የጸሎት ቀን ነው፣ ጀልባ አይወጣም። ሰኞ ከጎህ በፊት ወደ ውጪው ባሕር ሄደ።

ማክሰኞ በስድስት ጀልባ ወጣን። የፖሊስ መርከቡ ሩቅ ሰሜን ነበር፤ ለመድረስ ሁለት ቀን ይፈልጋል። ቀጥታ ወደ ምዕራብ፣ ነፋሱ ወደሚገፋበት፣ እየተራራቅን ተጓዝን። ምንም የለም። ባሕሩ አልተቆጣም ነበር፤ ይሄ ይባስ ያስፈራል፤ ዓይን የሚያርፍበት ነገር ያጣል።

ረቡዕ ከሰዓት አንድ ቢጫ ጀሪካን ተንሳፍፎ አገኘን። ፔሴጋ ጎንበስ ብሎ አነሣው። እጀታው ላይ አክስቱ ያሰረችው ቀይ ጨርቅ ነበር። ክዳኑ የለም፣ ውስጡ ጨው ውሃ ነው።

«የነዳጅ ይሆን?» አለኝ።

አሸተትኩት። «የሚጠጣው ውሃ መያዣ ነው።»

 ሞተሩን ስናጠፋው ጀልባዋ በዝግታ ትወዛወዛለች። ምስጢሩን ከዚያ በላይ መያዝ አቃተኝ።

«አሰልጣኝ፣ አንድ ነገር ልንገርህ።»

«ተናገር።»

«ልጁ የሚያጠምደው ለራሱ አይደለም። ከሩቅ ደሴት ያመጣሃቸው ስድስቱ ልጆች የሚኖሩት በእሱ አክስት ቤት ነው። ሴትዮዋ ምን ታብላቸው? ያበላቸው የነበረው እሱ ነው። በየሌሊቱ ወጥቶ፣ ዓሣ ሲጠፋ እየመሸበት ነው ወደ ልምምድ የሚመጣው።»

ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። «መቼ ነው ያወቅከው?»

«ከጀመረ ጀምሮ።»

«ቅዳሜ ስናገረው አጠገቤ ቆመህ ነበር እኮ፣ ቫጉና!»

«አትንገርብኝ ብሎ አስምሎኛል። ኩሩ ልጅ ነው።»

የሚመታኝ መስሎኝ ነበር። ጀሪካኑን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። «እኔስ?» አለ። «ስድስት ሰው ከቤቱ አውጥቼ ሳመጣ፣ ምን ይበላሉ ብዬ ያልጠየቅሁት እኔስ?»

የዚያን ዕለት አመሻሽ ከፖሊስ ጣቢያው በሬዲዮ ናኑሜያን አገኘን። ኦላታጋ ራሱ ቀረበ። አልጮኸም፣ አላለቀሰም። የት የት እንደፈለግን አንድ በአንድ ጠየቀን። «አጉል ቦታ ነው የምትለፉት» አለ። «ነፋሱን ብቻ ነው ያያችሁት። በዚህ ጨረቃ ወቅት የባሕሩ ውሃ ወደ ደቡብ ይስባል። ልጄ ሞተር ሲከዳው ባልዲ በገመድ አስሮ ይጥላል፣ ጀልባው ከነፋሱ ጋር ሳይሆን ከውሃው ጋር ነው የሚሄደው። ወደ ደቡብ ዝቅ በሉ።» ጨረሰ ስንል «ፔሴጋ፣ እኔ አልሰጥም ብዬ ነበር» አለና ሬዲዮው ተዘጋ።

ሐሙስ ጠዋት የቀረው ቤንዚን ለሁለት ጀልባ ብቻ የሚበቃ ነበር፤ ነዳጅ ጫኙ መርከብ ዘግይቷል። አንዷ ጀልባ ሌሎች ዓሣ አጥማጆችን ይዛ ጎህ ሲቀድ ወጣች። የኔን ጀልባ ግን ፔሴጋ አውሮፕላኑ እስኪመጣ ትቆይ አለ። ማኮብኮቢያው ዳር ቡድኑ ሻንጣውን ይዞ ቆሟል፤ አምበላችን ማሄው ግን ሻንጣ አልያዘም።

«አንሄድም» አለ። «ወንድማችን ባሕር ላይ እያለ ኳስ ልንጫወት? ምን ፊት አለን?»

የፌዴሬሽኑ ጸሐፊ ሴሉካ ዝርዝሩን ደረቷ ላይ ይዛለች። ለስድስት ወር እንቅልፍ አጥታ ትኬቱን ያሟላች ሴት ናት። «አውሮፕላኑ አይጠብቅም፣ ልጆች። ዛሬ ካልሄዳችሁ ከውድድሩ ወጥታችኋል። ሌላ የሚመጣው ከአራት ዓመት በኋላ ነው» አለች፤ ድምፅዋ ግን ራሷንም አላሳመናትም።

«እንውጣ!» አለ አንዱ። «ምን ይሁን ታዲያ!»

ፔሴጋ ወደ መሐላቸው ገባ። «ቤንዚን ለሁለት ጀልባ ነው ያለው። አስራ ስምንታችሁ ዳር ላይ ቆማችሁ ብታለቅሱ ለታውካቬ ምን ይጨምርለታል? አውሮፕላን ግን መስኮት አለው።»

ማሄው ቀና አለ።

«ዘጠኛችሁ በግራ፣ ዘጠኛችሁ በቀኝ ትቀመጣላችሁ። ከእናንተ ውስጥ ዓሣ ሳያጠምድ ያደገ የለም፤ ባሕር ማየት ታውቃላችሁ። የአውሮፕላኑን ካፒቴን እኔ አናግራታለሁ።»

«አንተስ?»

«እኔ ወደ ባሕር ነኝ። ቫጉናም።»

ያኔ ነው የኔ ነገር የገባኝ። የዚህ ውድድር በረኛ ነበርኩ፤ የሚቀጥለው ሲመጣ አርባ አንድ ዓመቴ ይሆናል። ጀልባዋ የኔ ናት፣ ሞተሯን የማውቀውም እኔ ነኝ። እሺ አልኩ። ደስ ብሎኝ ነው ብል እዋሻለሁ።

አውሮፕላን መምጣቱን የሚያስታውቀው ሳይረን ጮኸ፣ ሰው ከማኮብኮቢያው ወጣ፣ አውሮፕላኑ አረፈ። ካፒቴኗ የፊጂ ሴት ናት፤ ፔሴጋን ቆማ ሰማችው፣ ሰዓቷን አየች። «ወደ ደቡብ ምዕራብ ጠምዝዤ፣ ዝቅ ብዬ፣ አስራ አምስት ደቂቃ እሰጣችኋለሁ» አለች። «ከዚያ በላይ ነዳጁ አይፈቅድልኝም።»

ልጆቹ ሲሳፈሩ እኛ ወደ ጀልባዋ ሮጥን። ፔሴጋ እንደዚያ እያነከሰ ሲሮጥ ማየት ያሳዝናል። ደሴቱን በከበበው የኮራል አለት መውጫ ወጥተን ጥቂት እንደተጓዝን አውሮፕላኑ በላያችን አለፈ፤ ከወትሮው ዝቅ ብሎ ነበርና ጩኸቱ ደረቴ ውስጥ ተሰማኝ። እያነሰ ሄደ። ፔሴጋ ሰዓቱን ከእጁ ፈትቶ መዳፉ ላይ ያዘ።

«አምስት» አለ። ቆይቶ «ዘጠኝ።» ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል። «አስራ ሦስት።»

አስራ አምስት አለፈ። አስራ ስድስት ሲሆን በጀልባዋ ሬዲዮ ድምፅ መጣ። ፖሊስ ጣቢያው ነበር፤ ከአውሮፕላኑ የሰማውን እየደገመ። ማሄው በግራ መስኮት አንድ ነጭ ነገር አይቶ ጮኋል፣ ካፒቴኗም ተመልሳ ዞራለች። ጀልባ ነው። ከእኛ ሠላሳ ማይል ይሆናል። ከዚያ ሬዲዮው «ውስጡ ሰው ተኝቷል። በላዩ ሁለቴ አለፉ፣ አልተንቀሳቀሰም» አለ።

ሁለት ሰዓት ያህል ነዳን። በሕይወቴ እንደዚያ የረዘመ መንገድ አላውቅም። ፔሴጋ ከፊት ተንበርክኮ ባሕሩን ይቃኝ ነበር። ጀልባዋን ስናያት፣ ባልዲው አባትየው እንዳለው ከፊቷ በገመድ ተንጠልጥሎ፣ ታውካቬ እርጥብ ሸሚዝ ፊቱ ላይ ጥሎ ተጋድሟል። ገና ሳልጠጋ ፔሴጋ ዘለለ፤ ጉልበቱ ከዳው፣ ልጁ አጠገብ ወደቀ። እጁን አንገቱ ላይ አደረገ።

«ቫጉና፣ ልቡ ይመታል!» ብሎ ጮኸ። «ይመታል!»

በጠርሙስ ክዳን ውሃ እያንጠባጠበ ሰጠው። የታውካቬ ከንፈር ተሰነጣጥቆ ደም አርግዟል። ከብዙ ቆይታ በኋላ ዓይኑን ገለጠ።

«ቀኑ ምንድን ነው?» አለ፤ ድምፁ እንደ ደረቅ ቅጠል።

«ሐሙስ።»

«አውሮፕላኑስ?»

«ሄደ።»

«ታዲያ አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ፣ አሰልጣኝ?»

ፔሴጋ ክዳኑን ደግሞ ሞላ።  «በድዬሃለሁ፣ ልጄ» አለ። «ጠጣ። ቀስ ብለህ።»

ቡድኑ ቅዳሜ የመጀመሪያውን ጨዋታ አምስት ለዜሮ ተሸነፈ። በእኔ ቦታ የቆመው ልጅ አልቅሶ ነበር አሉ። እኔና ፔሴጋ ታውካቬን ሆስፒታል ትተን በሚቀጥለው በረራ ሄድን፤ ሁለተኛውንም ተሸነፍን፣ በሦስተኛው ዜሮ ለዜሮ ተለያየን። ከዚያ ውድድር ያገኘነው ያቺ አንዲት ነጥብ ናት።

ስንመለስ ኦላታጋ በመርከብ መጥቶ ልጁ አልጋ አጠገብ ተቀምጦ አገኘነው። ፔሴጋ በሩ ላይ ቆመ፤ ስድብ የጠበቀ ይመስለኛል። ሽማግሌው ቀና ብሎ አየው።

«ግባ እንጂ» አለው። «ወደ ቤት እወስደዋለሁ። ይመለስ አይመለስ እሱ ያውቃል፤ እኔም አልከለክል፣ አንተም አትለምን።»

«አልለምንም» አለ ፔሴጋ።

በዚያው ሳምንት የፉናፉቲን ቤተሰቦች ሰብስቦ ከሩቅ ደሴት የመጡትን ልጆች በተራ የሚያበላ ቤት መደበ፤ የልምምዱንም ሰዓት ጀልባዎች ከገቡ በኋላ አደረገው። ስለ ታውካቬ ማንንም አልጠየቀም። መርከብ በመጣ ቁጥር ግን ወደብ ይወርድ ነበር፤ ዕቃ የምጠብቅ ነኝ ይላል፣ የሚመጣለት ዕቃ እንደሌለ ብናውቅም። በአራተኛው ወር ታውካቬ ከመርከቡ መሰላል ወረደ። ከኋላው ሁለት የናኑሜያ ልጆች ነበሩ፤ አንዱ ተከላካይ ነኝ አለ፣ ሌላው ገና ምን እንደሆነ አያውቅም።