የሐቢብ አይሱዙ ጭነት

ኑርዬ የሚንቀውን ሰው ቁጠር ቢባል ምላሱ ይደርቃል እንጂ አይጨርስም። ከሁሉ አብልጦ የሚንቀው ግን ልክ የማያውቅ ሰው ነው። በየመንገዱ ዳር የጣሳ መኪና ሠራሁ እያለ የሚያዞር ሁላ፣ ጎማው ከበሩ የሚበልጥ፣ መሪው ከመቀመጫው የሰፋ ነገር ይዞ «ሚኒባስ ነው» ሲለው፣ ኑርዬ አንድ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ «የምን ሚኒባስ፣ ጎማ ያበቀለ ድስት ነው» ይላል።

እሱ የሠራው መኪና ግን መኪና ነው። ደሴ ጋራዥ ውስጥ ባቲላሜራ ሆኖ፣ የተጋጨ በርና ኮፈን እየቀጠቀጠ ሲያቃና ኖሮ፣ ወገቡ እምቢ ሲለው ወደ ሐይቅ ተመለሰና ያንኑ ሥራ አሳነሰው። በትልቁ መኪና ላይ ሃያ ሴንቲሜትር የሆነው በእሱ ላይ አንድ ሴንቲሜትር ነው፤ ከዚህ ዝንፍ የለም። አካሉ የዘይት ቆርቆሮ፣ ጎማው የነጠላ ጫማ ሶል፣ የፊት መብራቱ የመርፌ ክዳን። በሩ ይከፈታል፤ መሪው ሲዞር ጎማው ይዞራል፤ የጭነት መኪና ከሆነም የጭነቱ ግድግዳ፣ ስፖንዳው፣ እንደ እውነተኛው በሦስት በኩል ይወርዳል።

ለውጥ መጣ በተባለ ሰሞን ባጅ ያንጠለጠሉ ልጆች መጥተው «ተደራጅ፣ ሼድ ይሰጥሃል፣ ኤግዚቢሽን ትወጣለህ» አሉት። ወሰዱትም። አንድ ባለሥልጣን የሠራውን ሚኒባስ በሁለት ጣቱ አንሥቶ ፎቶ ተነሣና በጀርባው አስቀመጠው። መኪና በጀርባው ይቀመጣል? ከዚያ ቀን ወዲህ ኑርዬ ከተደራጀውም ከአደራጁም ጋር አይስማማም። የደሴ ጎረምሶች ደግሞ አሉ፣ ቪትዛቸውን ከመሬት አጣብቀው፣ ጭስ ማውጫውን አስጩኸው፣ «ሞዲፋይድ ነው» የሚሉት። አምሳሉን አሠሩት። ዝቅ አድርጎ፣ ጎማውን አስፍቶ፣ በጎኑ የእሳት ነበልባል ሥሎ ሠራላቸው። ሲያስረክባቸው «መኪናው ምንም አልጎደለውም፣ የጎደለው ነጂ ነው» አላቸው፤ እነሱ ግን ሙገሳ መስሏቸው ሳቁ።

የሚሠራው መናኸሪያው አጠገብ፣ በሐቢብ ሱቅ በረንዳ ላይ ነው። ኪራይ አይከፍልም፤ ይሄ ራሱ ያንገበግበዋል። በሚንቁት ሰው በረንዳ ላይ በነጻ መቀመጥ ቀላል ነገር አይደለም። ሐቢብ የጡት ወንድሙ ነው። የሐቢብ እናት በወሊድ ስታልፍ የኑርዬ እናት ዑምኩልሱም አንዱን ጡቷን ለኑርዬ፣ አንዱን ለሐቢብ ሰጥታ ሁለቱንም አሳደገች። ኑርዬ እንደሚለው ከሆነ ደግሞ ወተት የበዛበት ጡት ለሐቢብ ነው የደረሰው፤ ያኔም ቢሆን መርጦ ነው የያዘው።

ሐቢብ አዲስ ሲኖትራክ ገዝቶ ለመኪናው ዱዓ ሊያስደርግ ሽር ጉድ በሚልበት ሰሞን፣ አንድ ከሰዓት በረንዳው ላይ መጥቶ በርጩማ ሳበ። ሐጅ ሳይሄድ ሰው ሁሉ «ሐጂ» ይለዋል፤ እሱም «ኧረ ገና ነኝ» ማለቱን ከተወ ቆይቷል።

«ያቺን ነጯን አይሱዙዬን ሥራልኝ» አለ። «ጦርነቱ የበላትን።»

«እሠራለሁ።»

«ከነጭነቷ።»

ኑርዬ ፒንሳውን አስቀመጠ። «ከየትኛው ጭነቷ ጋር?»

«ከነሰዉ ነዋ። ያን ቀን ወደ ደሴ ስንሸሽ የጫንኩት ሰው። ሴቱ፣ ሕፃኑ፣ ሽማግሌው። በዱዓው ቀን ለእንግዳው ላሳየው እፈልጋለሁ። ልጆቼም አባታቸው ምን እንደሠራ ይወቁ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እናታችንንም ጋቢና አስገባልኝ፣ ከእኔ ጎን። ነፍሷ ደስ ይላታል።»

ኑርዬ ሰውየውን ትክ ብሎ አየው። ቀልድ የለበትም። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። በየለቅሶውና በየሰርጉ ሲያወራው፣ ሲያወራው፣ ውሸቱን ራሱ አምኖት ቁጭ ብሏል። የሚሰማውም ሰው እውነቱን አጥቶት አይደለም፤ ዘይት ከገበያ በጠፋ ቁጥር ዘይት የሚገኘው ከሐቢብ መጋዘን ስለሆነ ራሱን እየነቀነቀ ያደምጣል። እንዲህ ያለ ከተማ ነው።

እውነቱ ይሄ ነው። በዚያ ጥቅምት ጦርነቱ ከውጫሌ ወዲህ ሲወርድ፣ ሐቢብ ከጠዋት ጀምሮ አይሱዙዋን ሱቁ ደጃፍ አቁሞ ቤቱን ያስጭን ነበር። ኑርዬ በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ ያይ ነበር። ፍሪጅ ተጫነ። ሶፋ ተጫነ፣ ባለ ሦስቱም ባለ አንዱም። የተነቀለ አልጋ፣ ቴሌቪዥን፣ ሳህን የሞላው ቁም ሳጥን፣ ከኋላ ደግሞ ሁለት ሙክት። ሸራ ለበሰ፣ ገመድ ታሰረ። የከባድ መሣሪያው ድምፅ ሲቀርብ ኑርዬ ሮጦ እግሯ የማይታዘዝላትን እናቱን በዚያ ወገቡ አዝሎ፣ ከእህቱ ከአሚናት ጋር መጣ። ሐቢብ ጋቢና ውስጥ ነበር፤ ከጎኑ ሚስቱና ልጆቹ ታጭቀዋል። መስኮቱን እስከ ግማሽ አወረደ። «ሞልታለች፣ ኑርዬ። ወላሂ ሞልታለች። መኪና ልልክላችሁ እሞክራለሁ» አለና ሄደ።

በእግራቸው ወጡ። መንገዱ ሰው በሰው ነበር። ዑምኩልሱም ቦሩ ሜዳ ሳይደርሱ በኑርዬ ጀርባ ላይ አረፈች፤ እሱ ከባድ ሆነችብኝ ብሎ ነው ያወቀው። የማያውቋቸው ገበሬዎች ጉድጓድ ቆፍረው አገዟቸው። ሐቢብ ግን ከነፍሪጁ ደሴ ገባ፤ ከዚያ ወደ ኮምቦልቻ ሲሸሽ ታጣቂዎች መኪናዋን ከነዕቃዋ ወሰዱበት። ዛሬ ድረስ በእሷ ያለቅሳል።

አሚናት ሌላ ሰው ናት። ከሐቢብ ቤት በአጥር ተለይታ ትኖራለች፣ ድግስ ሲኖረው ወጡን የምትሠራለት እሷ ናት። ኑርዬ ሲቆጣ «ሞልታ ነበር እኮ፣ ምን ያርግ ሰውዬው? ባትሞላ እማን ጥሎ ይሄዳል?» ትለዋለች። እሱም በሆዱ ይንቃታል። ቢንቃትም አንድ ነገር ያውቃል፤ አሚናት ሌሊት እንቅልፍ የሚወስዳት፣ ጠዋትም ከሐቢብ ጋር ሰላም የምትባባለው በዚያች «ሞልታ ነበር» በምትለው ቃል ነው። ያቺን ቃል ብትነጠቅ ምን ይዛ እንደምትውል አያውቅም።

«እሠራልሃለሁ» አለው ኑርዬ ሐቢብን። «ያን ቀን እንደነበረችው አድርጌ።»

«አላህ ይስጥህ» አለ ሐቢብ፤ ተነሥቶም ሄደ። ሰውየው መስሚያውም ጥጥ ነው።

ኑርዬ እንደዚያች መኪና ደስ ብሎት የሠራው የለም። ንቀት እንዲህ እጅ እንደሚያፈጥን አያውቅም ነበር። የአይሱዙዋን የጭነት ሳጥን፣ ካሶኒዋን፣ አንድ ጊዜ ተገልብጣ በተጎዳች ጊዜ ራሱ ነበር ያደሰው፤ ቁመቱም ወርዱም እጁ ላይ አለ። የፍሪጁን ልክ ለማወቅም የሚለፋ አይደለም፣ በየዒዱ ከዚያ ፍሪጅ አጠገብ ነበር የሚያስቀምጡት። ፍሪጁን ከቆርቆሮ ቆረጠ፣ በሩን ከነእጀታው ገጠመለት። ሶፋውን በስፖንጅ ሞላው፣ ያንኑ ወይን ጠጅ ከፋይ የመሰለ ጨርቅ አለበሰው። ለሙክቶቹ ጥጥ ለጠፈላቸው፤ እንደው ከመኪናው ሁሉ ነውር የሌለባቸው እነሱ ናቸው ብሎ አሳመራቸው። ሐቢብ ሸራውን ገልጦ ሰው የጠበቀበት ቦታ ሶፋ ሲያገኝ የሚሆነውን እያሰበ ብቻውን ይስቅ ነበር።

ከዚያ ጫነ። ባየው ቅደም ተከተል፣ ፍሪጁን ከጋቢናው ጀርባ በቀኝ በኩል፣ ቁም ሳጥኑን፣ ሶፋውን፣ አልጋውን፣ ሙክቶቹን። ሲጨርስ ከጋቢናው ጀርባ በግራ፣ ከፍሪጁ ጎን፣ ባዶ ቦታ ቀረ።

የሆነ ነገር ረሳሁ አለ። አልረሳም። አወረደና ደግሞ ጫነ። ባዶው ቦታ እዚያው ነው። ካሶኒው ሰፍቶብኝ ይሆናል ብሎ ለካው፤ ልክ ነው። ፍሪጁን ለካው፤ ልክ ነው። ከዚያ እጁ ሥራ መፍታት አቅቶት ከሽቦና ከጨርቅ አንዲት ሻሽ ያሰረች ሴት ሠራና አስቀመጣት። ገባች። እግሯን ዘረጋላት፤ እግሯም ገባ። ከጎኗ አሚናት ብትቀመጥም ይተርፍ ነበር።

ኑርዬ ሴትየዋን አውጥቶ ኪሱ ከተታት። እስከዚያ ቀን ሐቢብን የሚንቀው ሰው ትቶ ሶፋ በመጫኑ ነበር። ለካ ሶፋውን ሳያወርድም መጫን ይችል ነበር። ሸራ ስለለበሰ ማንም አላየም። ሰውየው መስኮት አውርዶ ወላሂ ያለው እንዲያው ገመድ መፍታት ታክቶት ነው። ኑርዬ የሚንቅበት ቃል አጣ፤ ይሄ በዕድሜው ደርሶበት አያውቅም።

ቦታው ላይ አንድ ጆንያ ጣል ቢያደርግ ነገሩ ያልቅ ነበር። እጁ አልታዘዘውም። ያልነበረ ነገር ጭኖ አያውቅም፤ ለእህቱ ሲል እንኳ አልሆነለትም። ሰዉ ፍሪጁን ያያል፣ ሶፋውን ያያል፣ ክፍተት የሚለካ ማን አለ ብሎ ራሱን አታለለ፤ ሸራውን አልብሶ አሰረው።

የዱዓው ቀን የሐቢብ ግቢ ድንኳን ተጥሎበት፣ ሰዉ በየፍራሹ ላይ ጫቱን ይዞ ተቀምጦ ነበር። ሼህ ዘይኑልአቢዲን ለአዲሱ ሲኖትራክ ዱዓ አደረጉ፣ ሰዉ «አሚን» አለ። ከዚያ ሐቢብ የኑርዬን መኪና መሀል አስመጥቶ ረከቦት በሚያህል ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና ያን ቀን ስለጫነው ሰው አንድ ዙር አወራ። ከዚያ ገመዱን ፈታ፣ ሸራውን ገለጠ።

ሼሁ ዓይናቸውን ወደ መቁጠሪያቸው መለሱ። አንዱ ከጥግ «ማሻአላህ፣ እጁ ግን» አለ፤ ሌላውም መውጫ ያገኘ ይመስል ስለ መብራቱ፣ ስለ ስፖንዳው፣ ስለ ጎማው አነሣ። ስለ ጭነቱ ያወራ የለም። ኑርዬ ዙሪያውን አየና እነዚህም ሰው ተብለው ጢም አብቅለዋል አለ በሆዱ።

ሐቢብ ጎንበስ ብሎ አየ። ኑርዬ ሲቀላ፣ ሲንተባተብ ሊያይ ጠበቀ። ሐቢብ ግን ፊቱ በራ።

«ፍሪጄ» አለ። «እዩልኝ እስቲ፣ እጀታዋ ሳይቀር። ሶፋዬ ይኸው።» ከዚያ ቀና አለ። «ሰዎቹስ የታሉ?»

«አልጫንካቸውማ» አለ ኑርዬ።

ሐቢብ ሳቀ። «ኑርዬ እኮ ቂም አይረሳም። ይኸው እዩት ታዲያ፣ እንዲህ ጥቅጥቅ ብላ ሞልታ ማንን ልጫን? የት ላስቀምጥ? አሚናትም ታውቃለች። አሚናት፣ እስቲ ነይማ መስክሪ።»

አሚናት ጭልፋዋን እንደያዘች ከጓዳ መጣች፤ ግቢው በእሷ ወጥ ጠረን ተሞልቷል።

«ያን ቀን ሞልታ አልነበረም እንዴ?» አላት ሐቢብ።

«ሞልታ ነበር» አለች፣ እንደ ሁልጊዜዋ፣ ሳታስብ። ከዚያ ወደ መኪናው ጎንበስ አለች። ሶፋውን አየች። ፍሪጁን አየች። ጭልፋዋን በግራ እጇ ያዘችና ቀኝ እጇን ከፍሪጁ ጎን ሰደደች። አራቱ ጣቶቿ ጎን ለጎን ገቡ።

«ኑርዬ» አለች ሳትዞር፣ «ይሄ ልኩ ነው?»

ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። አዎ ቢል ሐቢብ በከተማው ፊት ይራቆት ነበር፤ ይሄን ደግሞ ስንት ጊዜ ተመኝቷል። የእህቱን ጀርባ አየ። እጇ ገና ከዚያ ቦታ አልወጣም።

«ተሳስቻለሁ» አለ። «ካሶኒውን አስፍቼዋለሁ። በትልቁ ላይ እንዲህ ያለ ቦታ አልነበረም።»

በዕድሜው ያንን ቃል ሲናገር የሰማው ሰው የለም። ሐቢብ «አላልኳችሁም?» ብሎ ጭኑን መታ።

አሚናት ቀስ ብላ ቀና አለችና ወንድሟን አየችው። ከዚያ ወደ ሐቢብ ዞረች፤ ድምፅዋ ወጥ ቀምሳ ጨው አነሰው የምትል ሴት ድምፅ ነበር።

«ወንድሜ በልክ ተሳስቶ አያውቅም» አለችው። «ለእኔ ብሎ ነው። ቦታ ነበረ፣ ሐቢብ። እማ እግሯን ዘርግታ የምትቀመጥበት ቦታ ነበረ።»

ጭልፋውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ በድንኳኑ በር ወጣች።

«ይቺ ደግሞ ምን ሆነች?» አለ ሐቢብ ወደ ሰዉ ዞሮ። ሼህ ዘይኑልአቢዲን መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተው ተነሡና ደጃፉ ላይ ጫማቸውን ይፈልጉ ጀመር። ኑርዬም ወገቡን ይዞ ተነሥቶ እህቱን ተከተላት።