አማት የተቀመጠችበት ዳስ

የወርቅ ኩባንያው ሰዎች የጠሩት ስብሰባ በቆርቆሮው ዳስ ሥር ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው፣ ባለቤቴ ናምፒጂንፓ ብርድ ልብሷን ይዛ መጣችና መካከል ላይ ተቀመጠች። ለማንም ሰላምታ አልሰጠችም። አማቻችን፣ የልጃችን ባል ጁፑሩላና ወንድሞቹ ባዩዋት ጊዜ ፊታቸውን አዙረው ከዳሱ ወጡ።

በእኛ በምድሪቱ ነባር ሕዝብ ዘንድ ወንድ የሚስቱን እናት አያይም፤ አያናግርም፤ እሷ ባለችበት ጥላም አይቀመጥም። ይህ ክብር ነው። ክብርን እንደ ዱላ ማንሣት ደግ እንዳልሆነ ግን እሷም እኔም እናውቅ ነበር።

ኩባንያው ሊቆፍርበት የፈለገው ቦታ፣ ዋንጋሪ፣ ለጁፑሩላ የአባቱ ምድር ነው። ለእኔና ለመሰሎቼ የእናታችን ወገን ምድር ስለሆነ እኛ ጠባቂዎቹ ነን። ባለቤት ያለ ጠባቂ፣ ጠባቂም ያለ ባለቤት ስለ ምድሪቱ ቃል አይሰጥም። ኩባንያው ወርቁን ለማውጣት የከርሰ ምድሩን ውኃ መምጠጥ ነበረበት፤ ያን ጊዜ የዋንጋሪ ምንጭ እንደሚደርቅ ራሳቸውም አልካዱም። ሕጉ የመከልከል መብት ስለሚሰጠን ፈቃዳችንን ሊጠይቁ መጡ። ጁፑሩላ እሺ ብሎ ነበር። ከእኔ በቀር ያሉት ጠባቂዎችም ወደ እሱ አዘንብለዋል።

የኩባንያው ሰው ሃሎራን የተጠበሰ ቋሊማ በእጁ እንደያዘ ወደ እኔ መጣ።

«ሽማግሌው፣ ሴትዮዋ ምን ፈልጋ ነው?»

«ምንም። ተቀምጣለች።»

«ታዲያ ሌላ ቦታ ትቀመጣ!»

«አንተስ ሌላ ቦታ አትቆፍርም?» አለች ናምፒጂንፓ፣ ቀና ሳትል። ዳሱ ውስጥ የነበሩት ሴቶች ሳቁ።

ከዳሱ ውጭ፣ ከውኃ ጋኑ ጀርባ የጁፑሩላ ድምፅ መጣ።

«ጃፓንጋርዲ! ሚስትዎን ያንሱልኝ!»

«እግር አላት፤ ሲያሻት ትነሣለች።»

«በማሽን ላይ የተጋደመችው እኮ የእናንተው ልጅ ናት! የኩባንያው ሰዎች ኩላሊት የሚያጥበውን ማሽን እዚህ እንተክላለን ብለዋል። ወደ ቤቷ ትመለስ ብዬ ነው እንጂ እኔ ወርቅ ልበላ ነው?»

እውነቱን ነበር። ልጄ አንድ ቀን ሙሉ በመኪና በሚያስኬድ ከተማ፣ ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር ትኖር ነበር።

«ለሕመምተኛ ማሽን መትከል የመንግሥት ግዴታ ነው፤ በምንጭ የሚለወጥ ዕቃ አይደለም» አለች ናምፒጂንፓ፣ ወደ እኔ እያየች፣ እሱ እንዲሰማ። «ዛሬ ለኩላሊት ምንጩን ከሰጠን፣ ነገ ለዓይን ምን ልንሰጥ ነው?»

«መንግሥት እስኪመጣ ትሙትልሽ?»

ጁፑሩላ ዳሱ ውስጥ ቆሞ ነበር። ፊት ለፊቷ ቆሞ፣ ዓይኗን እያየ፣ እንደ እኩያው አንቺ አላት። «ተናገሪ እንጂ! የወለድሻት አንቺ አይደለሽም?»

ሴቶቹ ራሳቸውን ሸፈኑ። ናምፒጂንፓ ብርድ ልብሷን እስከ ግንባሯ ሳበች። ከጠባቂዎቹ አንጋፋው ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። አማቱን ፊት ለፊት ካናገረ ሰው ጋር ስለ ምድር የሚመክር አልነበረም።

«ወዴት ነው?» አለ ሃሎራን። «ገና አልጀመርንም እኮ!»

ጁፑሩላ ብቻውን ቀረ፤ እጆቹን የሚያኖርበት ቦታ አጥቶ ጥቂት ቆየና ወደ ላንድክሩዘሩ ሄደ።

ኩባንያው ፈቃዱን ሳያገኝ ለጊዜው ተመለሰ። ጁፑሩላ ከተማ ገብቶ ከሚስቱ ጋር መኖር ጀመረ፤ ወንድሞቹም በደጄ ሲያልፉ ምራቃቸውን ይተፋሉ።

ባለፈው እሑድ ልጄ ደወለች።

«አባዬ፣ ለእማዬ ንገራት» አለች ድምፅዋ እየደከመ፤ «ውኃዋን ትጠጣ። እኔን ግን መጥታ እንዳትጠይቀኝ።»

ናምፒጂንፓ ከጎኔ ሆና ሰምታለች። ስልኩን ዘረጋሁላት። እጇን ከጉልበቷ ላይ አላነሣችም፤ ልጄም ዘጋችው።