የፈሪዎች ደም

ልጄ ጁሳራ ደውላ ስታለቅስ፣ ሰው ሞቷል ብዬ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። የሞተው ምርምሯ ነበር።

ጁሳራ እዚሁ ብራዚል፣ ሬሲፌ ከተማ፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ ትሠራለች። ዴንጊና ዚካ የሚባሉት በሽታዎች በአንድ ትንኝ ጀርባ የሚመጡ ወንድማማቾች ናቸው። እሷ በሁለቱ የታመሙ ሰዎች ደም ውስጥ የትኞቹ ጂኖች እንደነቁ፣ የትኞቹ እንደተኙ ታወዳድራለች። ኮምፒውተሯ ላይ የነቃው ቀይ፣ የተኛው ሰማያዊ ነው። ለማነጻጸሪያ የጤነኛ ደም ስለሚያስፈልግ ከባልደረቦቿ ቀዳች። ሁሉም እንደ ታማሚዎቹ ቀልተው ወጡ። ጤነኛ ካልተገኘ መመረቂያ ጽሑፏ ገደል ገባ ማለት ነው።

«መቼ ነው የቀዳሻቸው?» አልኳት።

በለቅሶዋ መሃል ሳቋ መጣ። «ካርኒቫል ባለቀ ማግስት።»

ከካርኒቫል በኋላ ከተማው በሙሉ ያስላል። ሲጨፍርና ሲሳሳም ሰንብቶ ጉንፋን ተሸክሞ ይገባል፤ ጉንፋኑንም በዓመቱ በተወደደው ዘፈን ስም ይጠራዋል። ተመራማሪዎቹም ሰው ናቸውና አፍንጫቸውን እየጠረጉ ጤነኞች ነን ብለው ክንዳቸውን ሰጥተዋል፤ ጉንፋኑ ግን ጂኖቻቸውን ቀስቅሶ ነበር።

«እማዬ፣ ካርኒቫል ያልወጣ ሰው ታውቂያለሽ?»

እኔ ያን ሳምንት በር ቆልፌ፣ መስኮቱን በመረብ ሸፍኜ ነው ያሳለፍኩት። ጎረቤቴ ወይዘሮ ዙሌይዴ ከበሮ ስትሰማ ጆሮዋን በጥጥ ትወትፋለች። እህቷ ኦዴቴ ሰው ካስነጠሰ መንገድ ትሻገራለች። የሰፈሩን ፈሪ ሁሉ፣ ወጣቱንም ሽማግሌውንም፣ ሰብስቤ በአውቶቡስ ወደ ቤተ ሙከራው ወሰድኩ።

ዙሌይዴ መንገዱን ሙሉ፣ «ደሜን ወስደው ቢሸጡትስ?» ስትል ቆየች።

«ኮምጣጤ የሚፈልግ ከተገኘ ነዋ» አለቻት እህቷ።

ውጤቱ እስኪመጣ ራሴን በየበሽታው ቀበርኩ። ጁሳራ መጥታ ኮምፒውተሯን ስትከፍት ግን እንደ ባሕር ሰማያዊ ነበር። ከሁሉም የረጋው የእኔ።

«እማዬ፣ አንቺ ዕድሜ ልክሽን ተኝተሽ አታውቂም» አለች፤ «ጂኖችሽ ግን ያንኮራፋሉ።»

በዚያ ሰማያዊ አጠገብ ወንድማማቾቹ የሚለያዩበት ቁልጭ ብሎ ወጣ። መምህሯም ለምረቃ ቅረቢ አላት።

በዓመቱ ካርኒቫል ሲመጣ ከልጅነቴ ወዲህ ያልነካኋትን ትንሿን የጭፈራ ጃንጥላ ከቁም ሳጥን አወጣሁ። ዙሌይዴ ጥጧን ነቀለች። መንገድ ላይ ስንዘል ጉልበቴ እንደሚከዳኝ፣ ዝናብ እንደሚመታኝ፣ ጉንፋንም እንደማይምረኝ አውቄ ነበር። ይያዘኝ፤ ደሜን ቀድተውታል።