የሁለት ውሃ መርዶ

አማረች በሯን አልከፈተችም። ገና ጎህ ሳይቀድ ከጆሃንስበርግ ዳርቻ፣ ከዳቬይተን ድረስ መጥተው፣ ኮት ለብሰው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚያንኳኩ ሽማግሌዎች ምን ይዘው እንደሚመጡ የማያውቅ ሐበሻ የለም። ለሻይ የሚመጣ ሰው በዚያ ሰዓት አይመጣም። ብርድ ልብሷን እስከ አፍንጫዋ ስባ፣ ትንፋሿን ውጣ ጠበቀች። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ጋሽ አቢሶ፣ ደጋግሞ ስሟን ጠራ፤ ከዚያ የመኪናው ሞተር ተነሣና ሄዱ። ካልነገሩኝ አልሞተም፣ አለች በሆዷ።

ወንድሟ ዱካሞ እሷ ዘንድ ሊመጣ ከዱራሜ ከወጣ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ማላዊ ሐይቅ ዳር ሆኖ «ነገ እንሻገራለን» ብሎ ደወለ፤ ከዚያ ወዲህ ስልኩ ዝግ ነው። ና ያለችው ደግሞ እሷ ናት። ስለዚህ በአማረች ቤት ዱካሞ አንድ ሰሞን ታስሯል፣ አንድ ሰሞን ታሟል፣ ሌላ ጊዜ ስልኩ ተሰርቆበታል። አብረውት ሊሻገሩ ከተሳፈሩት አንዱ ተርፎ ዳቬይተን ገብቷል ሲባል ሰምታለች፤ ሄዳ ግን አልጠየቀችውም። የሐበሻ ሱቆች በሞሉበት ጄፒ አብረዋት ልብስ የሚሸጡት ሴቶች እሷ ስትቀርብ ወሬ ያቋርጣሉ፤ ይህንንም እንዳላየች ሆና አልፋዋለች።

የምትኖረው ኬንሲንግተን በሚባል ሰፈር፣ የጎጎ ሄልጋ ጓሮ ክፍል ውስጥ ነው። ሄልጋ ሰማንያ ያለፋት ጀርመናዊት ናት፤ ሰፈሩ በዙሉ ጎጎ፣ አያቴ ይላታል። አባቷ በጦርነቱ ጊዜ የባሕር ሰርጓጅ መርከብ መካኒክ ነበር። መርከቧ ከፈረንሳይ ወደብ ወጥታ፣ የአፍሪካን ጠረፍ ተከትላ ወርዳ፣ ኬፕታውን አቅራቢያ የእንግሊዝ የጭነት መርከቦች አሰጠመች። «እነዚያም ሰዎች ነበሩ፤ እነዚያም ልጆች ነበሯቸው» ትላለች ሄልጋ፣ ታሪኩን ባነሣች ቁጥር። ከዚያ መርከቧ አንድ የሬዲዮ መልእክት ላከች፤ ከዚያ በኋላ ዝም። ደብዛዋ ጠፋ ተባለ።

የሄልጋ እናት ባሌ የጠፋበትን ውሃ ልቅረብ ብላ ሕፃን ልጇን ይዛ ወደዚህ አገር መጣች። ሥራ የተገኘው ግን ባሕር በሌለበት ጆሃንስበርግ ሆነ። ጥቁር ሳትለብስ፣ ሳታለቅስ፣ በር በተንኳኳ ቁጥር እየተነሣች አረጀች፤ እንዲሁ እንዳለች ሞተች። ልጅቱም ያንኑ መጠበቅ ወረሰች።

ሽማግሌዎቹ በተመለሱ በዚያው ሳምንት አማረች ወደ ኩሽና ስትገባ ሄልጋን ስልክ እንደያዘች ቆማ አገኘቻት። ከጀርመን ተደውሎላት ነው። ጠላቂዎች መርከቧን አግኝተዋታል። ጎኗ ተቀዷል፤ መውጫዎቿ ሁሉ እንደተዘጉ ናቸው። ማንም አልወጣም።

«ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር» አለች ሄልጋ። «የልጅ ልጄ እንኳ ይበልጠዋል። አማሪ፣ እንዲህ ላለ ልጅ አባቴ ብዬ እንዴት ነው የማለቅሰው? ማንም አላሳየኝም።»

አማረች አቀፈቻት። ሰውነቷ እንደ ደረቅ እንጨት ነበር። በሕይወት ዘመን ሙሉ ያልወጣ እርም ሰውን እንዲህ ያደርጋል እንዴ ብላ ፈራች፤ የፈራችው ለራሷ ነው። ወደ ጓሮ ወጥታ ለጋሽ አቢሶ ደወለች።

«ነገ ጠዋት ኑ፤ እከፍታለሁ። መጀመሪያ ግን ለአንዲት አሮጊት መርዶ ትነግሩልኛላችሁ።»

ጋሽ አቢሶ ነገሩ ግራ ገባው፤ ቢሆንም መጣ። ሽማግሌዎቹና የጄፒ ሴቶች የሄልጋን ሶፋ ወደ ግድግዳ ገፍተው ፍራሽ ዘረጉ፤ ከእነሱ ጋር አስቀመጧት። ጋሽ አቢሶ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እናቴ፣ አባትዎ ባሕር ውስጥ ቀርቷል። ብዙ ጠበቁት። ከእንግዲህ አይጠብቁት።»

አማረች ከጎን ወንበር ላይ ሆና በእንግሊዝኛ ነገረቻት። ሴቶቹ ፈጽሞ ለማያውቁት መካኒክ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አለቀሱ። ሄልጋ ዙሪያዋን አየች። ቆይታ «ፓፓ» አለች፣ በትንሽ ልጅ ድምፅ፤ ከዚያ እንባዋን የሚያቆመው አልተገኘም።

ልቅሶው ረገብ ሲል ጋሽ አቢሶ ወደ አማረች ዞረ።

«አማረች ልጄ፣ ሐይቁ ላይ ጀልባቸው ተገለበጠ። ዱካሞ ወደ ጌታ ሄዷል።»

ሴቶቹ ሊይዟት ተጠጉ። እሷ ግን አልጮኸችም፤ እጆቿን ጭኗ ላይ እንዳደረገች ቀረች። ሄልጋ እንባዋን በመዳፏ እየጠረገች አየቻት።

«ምን አለ?» ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀች።

ሁሉም ወደ አስተርጓሚዋ አዩ። አማረች ያንን ቃል እስከዚያች ሰዓት ድረስ በየትኛውም ቋንቋ ከአፏ አውጥታው አታውቅም።

«ወንድሜ ሞቷል» አለቻት።

ሄልጋ ፍራሹ ላይ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላት።