የእንግዳ ውሃ

ጠርሙሱ ያው ነው፣ ባለ አንድ ሊትር፣ አፉ ሰፊ፣ ከዘጠኝ ዓመት በፊትም እዚሁ መኪና ውስጥ እንዲሁ ጭኔ ላይ ይዤው ነበር፣ ክዳኑን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ፣ የመንደሩ ወንዶች ከተሲያቱ የዐስር ሶላት በኋላ እንደ ልማዳቸው ቁርቁራው ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል፣ ሰባት ናቸው፣ አይ ስምንት፣ የውሃ ጉድጓዱ ከእነሱ ሦስት እርምጃ ነው። ሦስት እርምጃ።

ውረጂ፣ ሙዝና፣ እላለሁ ለራሴ።

ያኔ አልወረድኩም። አደን ከተማ ሄጄ ኬሚስትሪ ተምሬ፣ በማዕረግ ተመርቄ፣ በነዳጅ ኩባንያው ላቦራቶሪ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኜ፣ በወንዶች ፊት ማለፍ አፈርኩ፣ ሹፌሩን፣ የአክስቴን ልጅ ዑበይድን፣ እባክህ ለምርመራ የሚሆነውን ውሃ ከጉድጓዱ አንተ ቅዳልኝ አልኩት፣ ተማረች ሲሉ እግርሽን ማስተማር ረስተዋል ማለት ነው ብሎ እየሳቀ ሄደ፣ እኔ ኒቃቤ ውስጥ በላብ ተጠምቄ ጉልበቴን አያለሁ።

ዑበይድ የነገረኝ በመልስ መንገድ ላይ ነው። ሰዎቹ እኮ ጉደኞች ናቸው፣ ከጉድጓዱ ልቀዳ ስል ንብ አናቢው አባባ ፈረጅ ጠርሙሱን ነጠቀኝ፣ የሰው ልጅ እንግዳ ሆና መጥታ መራራ ውሃ ልታሸክማት ነው፣ አታፍርም፣ ብሎኝ ከሲቃያው ሞላልሽ። ሲቃያው ያ ነጩ ጉልላት ያለው የውሃ ማጠራቀሚያ ነው፣ ለመንገደኛ ጽድቅ ተብሎ የሚሞላው፣ ውሃው ከሩቅ በቦቴ የሚመጣ፣ እነሱ ራሳቸው ሳስተው የማይጠጡት።

መኪናውን አዙረው፣ በቃ ይህን ማለት ነበረብኝ። አፌ ላይ ነበር። እንደገና እዚያ ሁሉ ዓይን ፊት፣ ነገ እመለሳለሁ አልኩ፣ በማግሥቱ አለቃዬ ውጤቱን ጠየቀኝ፣ ጨው አነስተኛ፣ ለመጠጥ ተስማሚ፣ ውሸት አልጻፍኩም፣ ጠርሙሱ ውስጥ የነበረውን ነው የጻፍኩት፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ፈረምኩ። ፊርማዬ ያምር ነበር።

አምባው ላይ የኩባንያው የጋዝ እሳት በጠራራ ፀሐይም ይነድዳል። ከድፍድፍ ነዳጁ ጋር የሚወጣውን ጨዋማ ውሃ ገደሉ አፋፍ ያለ ኩሬ ውስጥ ይደፉታል፣ ኩሬው ይሰርጋል፣ መንደሩ ያለበት ሸለቆ ከታች ነው፣ የመንደሩ ሰው አቤት ባለ ቁጥር ኩባንያው የእኔን ወረቀት ይመዛል። የአባባ ፈረጅ ቀፎዎች ባዷቸውን ቀሩ። ሚስቱ አምና ኩላሊቷ ደከመ፣ ከውሃው ይሁን ከሌላ ማን ያውቃል፣ ማንም እንዳያውቅ ያደረግኩት እኔ። ነገ ጠዋት አቤቱታውን የሚያዩት መርማሪዎች ይቀመጣሉ፣ አዲስ ውሃ ካልቀረበ ጉዳዩ በዚያው ወረቀት ይዘጋል። ከቀረበ ደግሞ ይጠይቁኛል፣ የድሮው የት ተቀዳ፣ ማን ቀዳው። ስሜ ይሂድ። እንጀራዬም ይሂድ። ግን አባባ ፈረጅን፣ በገዛ እጁ፣ በደግነቱ ይህን እንዳመጣ፣ እንዴት ብዬ እነግረዋለሁ።

ኧረ ማናት መኪናው ውስጥ፣ ሙሽራ ናት እንዴ ካልተዘፈነ አልወርድም የምትለው። ይላል አንዱ ከቁርቁራው ሥር፣ ይስቃሉ። ዝም በል አንተ ባለጌ፣ ኬሚስቷ ናት። የአባባ ፈረጅ ድምፅ ነው። ዱላውን ይዞ ይመጣል፣ አርጅቷል፣ በመስኮቱ ጎንበስ ይላል፣ መጣሽልን ልጄ፣ ፀሐይ ነው አትውረጂ፣ ጠርሙሱን አምጪ እኔ እሞላልሻለሁ። እጁን ዘርግቷል። ፊቱ ወደ ነጩ ጉልላት ዞሯል።

ከጉድጓዱ ነው አባባ።

ኧረ መራራ ነው ልጄ፣ እንዴት ለእንግዳ።

እንግዳ አይደለሁም፣ ይህ የእኔ ድምፅ ነው? ይሰማል፣ እስከ ቁርቁራው ይሰማል፣ ያኔ የሞላህልኝ የሲቃያውን ነው፣ ዑበይድ ነግሮኛል፣ እያወቅኩ ፈረምኩ፣ ለመመለስ አፍሬ፣ አፍሬ ብቻ ነው አባባ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

እግሬ አሸዋው ላይ ነው። ሁለቱም። አባባ ፈረጅ የተዘረጋ እጁን ያያል፣ ጣቶቹን ያጥፋል፣ ይዘረጋል፣ በዚህ ነው? ይላል፣ በዚህ በእጄ? አይደለም፣ በእኔ ነው፣ በፈረምኩት፣ እላለሁ፣ አልሰማኝም፣ እጁን ማየት አልተወም፣ በወንዶቹ ፊት አልፋለሁ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እርምጃ፣ የጉድጓዱ ገመድ እጄ ላይ ሻካራ ነው፣ ባልዲው ይወርዳል፣ ዓይናቸው ሁሉ ጀርባዬ ላይ ነው፣ ይሁን፣ ይዩኝ፣ ባልዲው ገና ይወርዳል፣