ሦስተኛው ክብ

ኦዶች ጠጠሩን በሁለት ጣቱ አንስቶ ከሦስተኛው ክብ ወደ ሁለተኛው ሲያሻግር፣ ላላም ከሴቶቹ መሐል ሆና አየችው። ጠጠሩ የእሷ ነበር።

“የሟች ወንድሜ ሚስት ድሃ አይደለችም” አለ መዳፉን እያራገፈ። “እኛ እያለንላት እንዴት ተደርጎ!”

ከማንጎው ዛፍ ሥር የተሰበሰበው ሰው አጉረመረመ። መሬቱ ላይ በአመድ ሦስት ክብ ተሰምሯል። አንደኛው የደላቸው ነው፤ ሁለተኛው እንደ ምንም ብለው የሚያድሩት፤ ሦስተኛው ምንም የሌላቸው። እያንዳንዱ ቤት አንድ ጠጠር አለው። ሦስተኛው ክብ ውስጥ የቀረ ቤት ጥማድ በሬ ያገኛል፤ ገንዘቡ ከባሕር ማዶ ለጋሾች የመጣ ነው።

“እኛ አንመርጥም” አለ የፕሮጀክቱ ሠራተኛ ኦኬማ። “የምትተዋወቁት እናንተ ናችሁ። ጠጠሮቹ እስከ ነገ ማታ እዚሁ ይቆያሉ፤ ከዚያ በኋላ ግን መመለስ የለም። የሚቃወም አለ?”

ላላም ጠጠሯን አየች። ባሏ በሕይወት ሳለ ለጎረቤት በሬ የሚያውሱት እነሱ ነበሩ። አሁን ይህ ሁሉ ሰው እያያት “የለኝም” ማለት ከበዳት። ማሳዋ ግን ባሏ ከሞተ ወዲህ ጦሙን አድሮ ሣር ውጦታል። ባለፈው ሳምንት ኦዶች ፍየሎቹን እዚያ አስሮ አገኘችው። ብትጠይቀው፣ “ባዶ መሬት ለዘመድ ካልሆነ ለማን ሊሆን ነው?” ብሏት ሄደ። ዝናቡ ተቃርቧል። ዘንድሮም ካላረሰችው መሬቱ የእሱ እንደሚሆን ታውቃለች።

ጎረቤቷ አዶንግ በክርኗ ጎሸመቻት። “ተናገሪ እንጂ! ምላስሽን ቤት ጥለሽው መጣሽ?”

“ደግሞ ቤቷ ብስክሌት ተሰቅሏል” ቀጠለ ኦዶች። “ብስክሌት ያላት ድሃ የት አገር ነው ያለችው?”

ሰው ሳቀ። ላላም ተነሳች።

“ብስክሌቱስ አለ፣ ወንድም ጋሼ። ሰንሰለቱ ነው የሌለው።”

“ሰንሰለት ይገዛላ!”

“ምን ያስገዛል? የኔው እርስዎ የመጡበት ላይ አለ አይደል እንዴ።”

ሰው ሁሉ ዞሮ፣ ዛፉን ተደግፎ የቆመውን የኦዶችን ብስክሌት አየ። ሳቁ አሁን ወደ እሱ ዞረ። “ውይ ጉድ! ፍቱና መልሱላት!” አለች አዶንግ እያጨበጨበች።

የኦዶች ፊት ጠቆረ። “ለአንድ ሰንሰለት ነው እንዴ ስሜን የምታጠፊው? እኔ አንድ ቤት ነን ብዬ ነው! የኔ በሬ ያንቺ አይደለም?”

“ነው?”

“እንዴታ!”

“እንግዲያው በሬዎቹ ነገ ጠዋት ይመጡልኛል?”

ሳቁ ቆመ። ኦዶች ሽማግሌዎቹን አየ፤ ኦኬማን አየ። “ይመጣሉ። ነገ ጠዋት። ይኸው በሰው ፊት ተናገርኩ።”

ሽማግሌዎቹ አጨበጨቡ። ኦኬማም ጠቡ የበረደ መስሎት እፎይ አለ። “እንግዲህ እናቴ፣ ጠጠሩ ሁለተኛው ላይ ይቆይ?”

ላላም የኦዶችን ዓይን ፈለገች። እሱ ግን ብስክሌቱን ነበር የሚያየው። በባሏ ቀብር ቀንም እንዲሁ በሰው ፊት ቆሞ፣ “ቤቱን እኔ አቆመዋለሁ” ብሎ ነበር። ያኔም ሰው መርቆታል።

ወደ ክቦቹ ሄደች። ጎንበስ ብላ ጠጠሯን አነሳች፤ ፀሐይ አሙቆታል። ሦስተኛው ክብ መሐል አስቀመጠችው፤ እንዳይንከባለልም በአውራ ጣቷ ተጭና አፈሩ ውስጥ ቀበር አደረገችው።

“ነገ በሬዎቹ ሲመጡ” አለች ቀና ብላ፣ “እኔው ራሴ መጥቼ ወደ ሁለተኛው እመልሰዋለሁ።”